ለአባዬ የሰፋሁት ቀበቶ

ግንቦት 3 ቀን 2009፣ ሐሙስ

ዛሬም የመታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ፣ ኢብሪቁን፣ ሁለት ጊዜ ሞላሁ። ለአባዬ የሽንት ቤቱን ውሃ መሙላት ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነው። ጠዋት ሞልቼ በሩ ሥር አስቀምጠዋለሁ፣ እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሰላት ይበቃዋል። ሰሞኑን ግን ሱቅ ሳንወርድ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ቧንቧው ውሃ ካቆመ ሰንብቷል፤ የምንቀዳው ከጀሪካን ነው። እማዬ "ይኼን ውሃ ማነው የሚደፋው?" አለች። አባዬ ጫማውን እያሰረ ነበር፣ ቀና አላለም።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ግንቦት 8፣ ማክሰኞ

ሱቃችን ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን መንገድ ዳር ደርድረው ስለሚውሉ ቁልቁለቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይንጫጫል። የአባዬ መኪና ከሁሉም ፊት ነው። የእኔ ግን ከውስጥ፣ ከጨርቁ ክምር ጀርባ። ከሰባተኛ ክፍል ስወጣ እዚያ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ሰው ሲያየኝ እጄ እንደሚሳሳት ያውቃል። ከክምሩ መሀል መንገዱ ይታየኛል፣ እኔ አልታይም።

ዛሬ ጎረቤታችን ዓብዱላሂ መኪናውን ሲዘውር ቆይቶ፣ "ነስሮ፣ ዛሬ ደግሞ ቆመህ ልትሰፋ ነው?" አለው።

"ኪንታሮት ነው አቦ፣ ተወኝ።"

"ጫቱን ቀንስ።"

"አንተ የእኔን እጥፍ አይደል እንዴ የምትቅመው?"

"እኔ እየዞርኩ ነው የምቅመው። አንተ እንደ ሙሽራ ተቀምጠህ።"

መንገዱ በሙሉ ሳቀ፣ አባዬም ሳቀ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ያነጠፈውን ጨርቅ አንድ ጊዜ ደግሞ አጥፎ በቀስታ ተቀመጠ።

አክስቴ ሐዋ መጣች። የአባዬ ታናሽ እህት ናት። አረንጓዴ ቀሚሷን ወገቡ ላይ እንዳጠብላት ሰጠችኝ፤ "ዘንድሮ ጠባብ ነው የሚለበሰው፣ አንቺ ከጨርቅ ጀርባ ሆነሽ ምን ታውቂያለሽ" እያለች። ለአባዬ ከሸዋ በር ገበያ የገዛችውን የኪንታሮት ዱቄት በወረቀት ጠቅልላ አመጣችለት። ሟቹ አጎቴ ሙሳም ይኼንኑ ነበር የሚወስደው አሉ።

ግንቦት 14

የሽንት ቤቱን ድንጋይ ሳጥብ ደም አየሁ። ጥቂት ነው። የእኔ ጊዜ አይደለም፣ የእማዬም አይደለም፤ እሷ ካቆመች ቆየች።

አጥቤ ወጣሁ። ለአባት እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ይባላል? በየት በኩል ይጀመራል? ምሳ ሲበላ ፊቱን አየሁት። "ምን ሆነሻል?" አለኝ። "ምንም።"

ግንቦት 19፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። አገሩ ሁሉ ለኢድ የሚሰፋ ጨርቅ በአንድ ቀን የሚያመጣ ይመስላል። አባዬ ለሁሉም "ኢንሻአላህ ይደርሳል" ይላል። ኢብሪቁን ዛሬ ሦስት ጊዜ ሞላሁት። ለሰላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ይወጣል፣ መስጊድ ሳይደርስ ተመልሶ ይገባል።

ግንቦት 23

ጠርዝ ስዘመዝም ውዬ ጣቴ ተበላ። አባዬ ፀሐይ ስትገባ፣ መግሪብ ላይ በቴምርና በውሃ ብቻ አፈጠረ። "አልራበኝም" አለ። የዋለው ግን ጾሞ ነው።

ግንቦት 27፣ እሁድ

ዛሬ አባዬ ጀለቢያ ሲቆርጥ መቀሱ ጨርቁ ላይ ቆመ። አንገቱ በላብ ርሷል። ከዚያ ወደ ጎን ዘመመ። ዓብዱላሂ ዘሎ ያዘው። ከንፈሩ እንደ ገበር ጨርቅ ነጥቶ ነበር። እኔም ወጣሁ። መንገዱ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ራሱን ይዤ ቆምኩ። ይኼን አሁን ስጽፍ ነው የማስታውሰው። ያኔ ስለ ሰዎቹ አላሰብኩም።

ቤት ካስተኛነው በኋላ እኔ ጀሪካኖቹ ጋ ነበርኩ፤ እነሱ የሰማሁ አልመሰላቸውም።

"ሽርጥህን ማን የሚያጥብልህ ይመስልሃል?" አለች እማዬ። ድምጿ ቀስ ያለ ነው። "ከጥር ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ፣ ሱብሂ ሳይደርስ ተነስቼ የማጥበው እኔ ነኝ። ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ።"

"ዘቢባ፣ ኪንታሮት ነው። የሰው ልብስ ይዣለሁ። ከኢድ በኋላ እታያለሁ።"

"ሙሳም ከአረፋ በኋላ ብሎ ነበር።"

እኔ ብቻ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለታችንም በየፊናችን ስናጥብ ከርመናል።

ሰኔ 1፣ ሐሙስ

እማዬ አሸነፈች። ከከተማው ሆስፒታል መጣን።

ዶክተሯ ሴት ናቸው፣ ዶክተር መቅደስ ይባላሉ። አባዬ "ወንድ የለም ወይ?" አለ፣ ወደ ጣሪያው እያየ። "ዛሬ የለም። እኔ ግን ፈጣን ነኝ" አሉት። ደሙ ከሰገራው ጋር ይቀላቀላል ወይ፣ ሰገራው ቀጥኗል ወይ፣ ወጥተው ያልጨረሱ ይመስልዎታል ወይ፣ ኪሎ ቀንሰዋል ወይ ብለው ጠየቁት። አባዬ ለእያንዳንዱ "አዎ" ከማለቱ በፊት እኔን ያየኛል። ወደ ግድግዳው ዞሬ ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ ከዚያም እንደገና።

ከመጋረጃው ጀርባ በጣታቸው መርምረውት ሲወጣ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

"ኪንታሮትም ይደማል" አሉ ዶክተሯ። "ግን ሳናይ ኪንታሮት ነው ብለን ወደ ቤት አንልክም። ሀምሳን ያለፈ ሰው ሲደማ፣ ደም አንሶት ሲወድቅ፣ አንጀቱን በካሜራ ማየት አለብን። ከቤተሰብ በዚህ የታመመ አለ?"

"የለም" አለ አባዬ።

"ሙሳ" አለች እማዬ።

"ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ኪንታሮት ነበረው።"

"ኪንታሮት መሆኑን ማን አየለት?"

ዶክተሯ ካሜራው ቀጭን ቱቦ እንደሆነ፣ ሲገባ ማስተኛ መድኃኒት እንደሚሰጡት፣ ከዚያ በፊት ግን አንጀቱ በሚጠጣ መድኃኒት መታጠብ እንዳለበት ነገሩት። ጾሙን ይፈታል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ የከበደው ይኼ ይመስለኛል።

ሰኔ 5

አባዬ መድኃኒቱን እየጠጣ ነው የዋለው። ቤቱ ጾመኛ ስለሆነ አፈረ፤ እማዬ መደቡ ፊት አንሶላ ጋረደችለት። እኔ ከአንሶላው በታች ብርጭቆውን አቀብላለሁ፣ ባዶውን እቀበላለሁ። ኢብሪቅ ስሞላ፣ ጀሪካን ስገለብጥ ዋልኩ። አንድ ጊዜ ብርጭቆውን ሲመልስ ጣቴን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ።

አክስቴ ሐዋ መጥታ ተቀምጣ ነበር። ወሬ ትወዳለች።

"ጣዕሙ ምን ምን ይላል?"

"ጨው ጨው ይላል አለኝ። ቀዝቀዝ ሲል ይሻላል።"

"ያማል ወይ ቱቦው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ አክስቴ።"

"ላልታመመ ሰውም ያደርጉታል?"

"እንዴ፣ አንቺ ምን አገባሽ?" አላት አባዬ ከአንሶላው ጀርባ፣ ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን ዘግየት ብላ ነው የሳቀችው።

ሰኔ 6

አዩት። ከታች በኩል፣ ትልቁ አንጀት ሊያበቃ ሲል ያለ ቦታ ላይ ሥጋ በቅሎበታል፤ ደሙ የሚመጣው ከሱ ነው። ከሱ ቁራሽ ወስደው ለምርመራ ላኩ። ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ የሽንብራ ፍሬ የምታህል አግኝተው በዚያው በቱቦው ቆርጠው አወጧት። ዶክተሯ "ይቺ ገና ምንም አላደረገችም። ትልቁም ከብዙ ዓመት በፊት እንዲህ ሆኖ ነው የጀመረው። ያኔ ብናየው ኖሮ እንዲሁ እናወጣው ነበር" አሉ።

ከብዙ ዓመት በፊት። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ፣ እሱ ሸዋ በር ድረስ እየሸኘኝ እያለ፣ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሰኔ 16፣ ዓርብ

ካንሰር ነው። ቃሉን ሲሉት ክፍሉ ውስጥ ምንም አልተለወጠም፣ ወንበሩም መጋረጃውም እንዳለ ነው።

ወደ ጉበቱ አልሄደም፣ በሲቲ ስካን አይተዋል። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ይደረጋል፤ የታመመውን ቆርጠው ሁለቱን ጫፍ ይገጥማሉ። አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዶክተሯን ፊት ለፊት አያቸው።

"ልክ እበሽታው ላይ ነው የምትቆርጡት?"

"የለም። ከላይም ከታችም ደህናውን ጨምረን ነው።"

"ትርፍ ትታችሁ።"

"አዎ፣ ትርፍ ትተን። ጫፉ ላይ ምንም እንዳይቀር።"

ራሱን ነቀነቀ። እንደ ልብስ ሰፊ ሥራው ገባው። በቃ፣ እሺ ሊል ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ዶክተሯ የገጠሙት ቦታ እስኪጠና ለጥቂት ወር ሰገራው በሆዱ ላይ በቀኝ በኩል በሚከፈት ቀዳዳ እንደሚወጣ፣ ቆዳው ላይ የሚለጠፍ ከረጢት እንደሚቀበለው፣ በኋላ ቀዳዳው እንደሚዘጋ ነገሩት። ከረጢቱንም አሳዩት። አባዬ በእጁ አልነካውም። ተነሳ።

"ከኢድ በኋላ እንነጋገራለን።"

"አቶ ነስሮ፣ ብዙ አያቆዩን። አሁን ቆርጠን ማውጣት እንችላለን። ከቆየ ላንችል እንችላለን።"

በባጃጅ ስንመለስ ለእማዬ ቀስ ብሎ "ሆዴ ላይ ነጃሳ፣ ቆሻሻ ተሸክሜ ከሰጋጆች መሀል ልቁም?" አላት። እማዬ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ከረጢቱን እያሰብኩ ነበር፣ መጠኑን፣ አፉ የት ላይ እንደሆነ። እንዲህ ባለ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ምን የሚሉት ነው።

ሰኔ 18፣ እሁድ፣ ኢድ

ሁሉም ደረሰ። የሰፋነው ልብስ በየመንገዱ ሲሄድ ዋለ። አባዬ ሰግዶ መጣ፤ ዓብዱላሂ ለእማዬ "ከጫፍ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የቆመው" ሲላት ሰማሁ።

አክስቴ አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳ መጣች። ወገቧ ላይ ይንሳፈፋል። እኔ እኮ አጥብቤው ነበር። "እጅሽ ሰንፏል፣ ድገሚልኝ" አለችኝ። ሰውነቴ እየደከመ ስለሆነ ምናልባት እውነቷን ነው፤ ለክቼ ደገምኩላት።

ሰኔ 20

ቁርአን ያስቀሩኝ ከቢር ዘንድ ሄድኩ። በራቸው ላይ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደተመለስኩ አልጽፍም። እግራቸው ሥር ተቀምጬ፣ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ፣ "ለአንድ ሰው ነው" አልኩ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት።

ከቢር ቀና ብለው አዩኝ።

"ለዚያ ሰው ንገሪው። ሰላት በደረሰ ቁጥር ከረጢቱን አጽድቶ ውዱእ ያድርግ፣ ይስገድ። ከዚያ በኋላ ሳይፈልግ የሚወጣው አይያዝበትም፤ በሽተኛ ዑዝር አለው፣ ይቅር ይባልለታል። ምንጣፉን እስካልነካ ድረስ ከሰው ጋር ይቁም። ራሱን አክሞ ማዳኑም ግዴታው ነው።"

"እሺ ከቢር።"

"ደግሞ ያ ሰው የጀለቢያዬን እጅጌ አስረዝሞብኛል በይልኝ።"

ፊቴን በሻሼ ሸፍኜ ወጣሁ።

ሰኔ 22

ለአባዬ አልነገርኩትም። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ "መርፌ አቀብለኝ" አልኩት፣ አንዴ "መሸ"፣ አንዴ ምንም።

ዶክተሯ ዛሬ ለእማዬ ደወሉላት፤ አባዬ ምን ወሰነ ብለው።

ሰኔ 25

ሸዋል ኢድ ነው፣ የወጣቶች በዓል። ጓደኛዬ ሱመያ ከበር ላይ ጠራችኝ፤ ዓይኗን ተኩላ፣ ሽቶ ተቀብታ። የጀጎል ልጆች ሁሉ ዛሬ ማታ ይወጣሉ። "እጄ ሥራ ይዟል" አልኳት። "ያንቺ እጅ መቼ ነው ባዶ የሚሆነው?" ብላ ሄደች። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ ግን ብዙ አይደለም።

የሰፋሁት ቀበቶ ነው። ለስላሳ ጥጥ፣ ሰፊ፣ ወገብ ላይ በቁልፍ የሚያያዝ። በቀኝ በኩል ከረጢቱ የሚገባበት ኪስ አለው፤ ሲሰግድ ሲጎነበስ ከረጢቱ እንዳይንጠለጠል፣ ሰውም እንዳያይ። ነገ ጠዋት መኪናው ላይ፣ ከመሸፈኛው ሥር አስቀምጥለታለሁ።

ሰኔ 26፣ ሰኞ

አገኘው። ከጨርቁ ክምር ጀርባ ሆኜ አየሁት።

መሸፈኛውን አነሳ፣ ቀበቶውን ዘረጋው፣ ኪሱ ውስጥ እጁን አስገባ። ዓብዱላሂ አንገቱን አስግጎ፣ "ይኼ ምንድነው ደግሞ? የማን አህያ ናት ልጓም ያዘዘችህ?" አለው።

"የእኔ ነው" አለ አባዬ።

ዓብዱላሂ አንገቱን መልሶ መኪናውን መዘወር ጀመረ። ቀልድ ሳይመልስ ሲቀር አይቼ አላውቅም።

አባዬ ቀበቶውን ገለበጠው። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ሄደበት። ከዚያ ምላጭ አነሳና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተረው። እያንዳንዱ ክር ሲበጠስ ተሰማኝ። ሊጥለው ነው አልኩ። ደፍሬዋለሁ፣ ማን ጠየቀኝ፣ ሚስጥሩን መንገድ ላይ አወጣሁበት አልኩ።

"ሙና፣ ነይ።"

ወጣሁ።

"ስፌቱን ወደ ሆድ በኩል አድርገሽዋል። ወደ ውስጥ የዞረ ስፌት ቆዳ ይበላል፤ ወደ ውጭ ይዙር። ኪሱ ላይ ደግሞ ትርፍ አልተውሽም። ሲሞላ ይወጥራል፣ ያኔ ምን ልሆን ነው?" እየተናገረ ክር በመርፌ ያስገባል። "እዚህ ተቀመጪ። እያየሽ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ መንገዱ ዳር። ራሱ ሰፋው። ሲጨርስ በጥርሱ ክሩን በጠሰና፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ "የከቢር እጅጌ እንደረዘመ ሰምቻለሁ" አለኝ።

መሬቱን አየሁ።

"ለእናትሽ ንገሪያት። ለዶክተሯ ትደውልላቸው።"

ሐምሌ 4፣ ማክሰኞ

ገባ። ጫማውን እኔ ይዤ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ውጭ ቆሜያለሁ። እማዬ ተስቢህ ትቆጥራለች። ዓብዱላሂ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፣ ደረጃው ላይ ይመላለሳል። አክስቴ ሐዋ ግድግዳ ተደግፋ ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች። ጨንቋት ነው።

ወጡ። ደህና ነው አሉ ዶክተሯ። አልሐምዱሊላህ።

ሐምሌ 10

ነርሷ ከረጢቱን እንዴት ባዶ እንደሚያደርጉት፣ ቆዳውን እንዴት እንደሚያጥቡት አሳየችን። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እማዬ ፎጣውን ወደ እኔ አሳለፈች። "እኔ ልሞክር" አልኩ። ቀዳዳው ቀይ ነው፣ እርጥብ፣ እንደ ከንፈር ለስላሳ። አይዘገንንም። እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ለጠፍኩት።

"አመመህ?"

"እጅሽ ቀላል ነው" አለ ለግድግዳው።

ቀበቶውን ሳስርለት ከጎኑ የተኛው ከሶፊ የመጣ ገበሬ ቀና ብሎ አየ። እሱም ከረጢት አለው፣ በሻሽ አስሮታል። "ይቺ የት ትገዛለች?" አለ።

አባዬ ያኔ ዞረ። "አትገዛም። ልጄ ናት የምትሰፋው።"

ሐምሌ 28፣ ዓርብ

የላብራቶሪው ውጤት መጣ። የተቆረጠው ጫፍ ከሁለቱም በኩል ንጹሕ ነው። አባዬ "ትርፉ በቃ ማለት ነው" አለ፣ ዶክተሯ ሳቁ። አብረው ከወጡት እጢዎች አንዷ ውስጥ ግን ካንሰሩ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ለወራት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ቀዳዳው ከዚያ በኋላ ይዘጋል። "ይድናል?" አለች እማዬ። "በጊዜ ደርሰናል ብዬ አምናለሁ። እየተከታተልን እናየዋለን" አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ሌላም ነገር አሉ። እህት ወንድም ሁሉ፣ ባይታመሙም፣ በካሜራ መታየት አለባቸው። "አንቺም አርባ ሲሞላሽ" አሉኝ። አርባ ዓመት የሚሞላኝ አይመስለኝም ነበር፣ አሁን ግን ቀጠሮ አለኝ።

ማታ አባዬ ለአክስቴ ነገራት። ደም የሚለውን ቃል፣ ሰገራ የሚለውን ቃል፣ ሁሉንም በስሙ ጠራው። እሷ "እኔ ምን ሆኜ? ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?" ብላ ሳህኑን አንስታ ወጣች።

ነሐሴ 12፣ ዓርብ

ኢብሪቁን ሞልቼ አስቀመጥኩ። አባዬ ከረጢቱን አጸዳ፣ ውዱእ አደረገ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ሰፊ ጀለቢያ ደረበበት። በሩ ላይ ቆሞ "ይታያል?" አለኝ። ዙሪያውን ዞሬ አየሁ። "አይታይም።"

ዓብዱላሂ ወደ መስጊድ ይዞት ሄደ። ሲመለሱ ከመንገዱ ጀምሮ ድምፁ ይሰማል፤ "እኔ ልንበርከክ ስል ጉልበቴ ይጮሃል፣ እሱ የታመመው ሰውዬ እንደ ጎረምሳ ይነሳል" እያለ።

"የት ቆምክ?" አለችው እማዬ።

"ከመሀል" አለ አባዬ።

ነሐሴ 20

ዛሬ ሁለት ቀበቶ ሰፋሁ፣ ለሶፊው ሰውዬ። አባዬ መኪናዬን አውጥቶ ከሱ አጠገብ፣ መንገድ ዳር አድርጎታል። እንደ ፊቱ ሰው አየኝ አላየኝ አልልም። አልፎ አልፎ ብቻ።

አክስቴ ሐዋ መጣች፣ ያንን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ። "ሙናዬ፣ ወገቡን ትንሽ ሰብሰብ አድርጊልኝ።"

ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞርኩ። ጣቶቼ በጀርባዋ በኩል ተገናኙ። የግንቦቱን ልክ አውቀዋለሁ፣ የኢዱንም አውቀዋለሁ፤ የራሴ እጅ ነው የለካው። እጄ አልሰነፈም ነበር፤ ወገቧ ነው የቀነሰው። የጠየቀችኝ ጥያቄዎች ሁሉ አንድ በአንድ መጡብኝ፤ የመድኃኒቱ ጣዕም፣ ቱቦው፣ ሐኪም ቤቱ ግድግዳ ሥር ሆዷን ይዛ መቀመጧ። አጠገቤ እያየሁ ምን ነበር የማየው?

አባዬ መኪናውን አቆመ። እኔን አየኝ።

"አላጠብልሽም አክስቴ" አልኳት።

"ምን?"

"ሦስተኛ ጊዜ አላጠበውም። ሰኞ ከእኔ ጋር ዶክተር መቅደስ ዘንድ ትሄጃለሽ። እኔ ውጭ እጠብቅሻለሁ። ብቻሽን ካልፈለግሽ ደግሞ ውስጥ እገባለሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፣ እዚያ የተለጠፈውን በቃሌ አውቀዋለሁ።"

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ታሾፍብኛለች ብዬ። የቀሚሷን ትርፍ በጣቶቿ ይዛ ቆመች። ዓብዱላሂም መኪናውን አቁሟል።

"ያ መድኃኒት" አለች በመጨረሻ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ቀዝቀዝ ሲል ይሻላል ነው ያልሽኝ?"

"ቀዝቀዝ ሲል ይሻላል። ብርጭቆውን እኔ አቀብልሻለሁ።"